መብራት ሲመጣ ራሱ የሚነሳ ኮምፒውተር

(ደብረ ብርሃን ውስጥ ለጥገና ባለሙያዎች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች ከተደረገ ንግግር። ተናጋሪው ለንባብ እንዲመች ራሱ አስተካክሎ ጽፎታል።)

እንደምን ዋላችሁ። ከመጀመሬ በፊት ይህን ሳጥን ተቀባበሉት። ወንድሜ፣ ካንተ ይጀምር፤ አይተህ ለጎንህ አቀብል። አገላብጡት፣ ጆሯችሁን አስጠጉት። ቢወድቅባችሁም አልቆጣም፤ ውስጡ የሚሽከረከር አንድም ነገር የለውም። ወንድሙ እዚህ ጠረጴዛው ሥር ተሰክቶ እየሠራ ነው፤ እሱን በመጨረሻ አሳያችኋለሁ።

ከሰባት ዓመት በፊት አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ዕቃዎቹን በሐራጅ ሲሸጥ ሞኒተር ልገዛ ሄድኩ። ሞኒተሮቹን ጭኜ ልወጣ ስል፣ ስድስት እንዲህ ያሉ ሳጥኖች በካርቶን ታጭቀው ቆይተው ኖሮ «እነዚህንም ውሰድልን» ተባልኩ። በምርቃት መልክ መሆኑ ነው። ደብረ ብርሃን አምጥቼ ሱቄ መደርደሪያ ላይ ስደረድራቸው የገባ ሁሉ «ይሄ ሪሲቨር ስንት ነው?» ይለኛል። አንድ የሰፈራችን ጋሼማ አንስተው፣ ከኋላ ከፊት አይተው፣ «ናይልሳት ይስባል?» ብለው ጠየቁኝ። አይስብም ስላቸው መልሰው አስቀመጡት። ዓመት ሙሉ አቧራ ጠጥተው ተቀመጡ።

ስማቸው ቲን ክላየንት ነው። ቃሉን እንዳለ ብንመልሰው «ቀጭን ደንበኛ» ስለሚሆን እንተወው። ሥራቸው እንዲህ ነው፤ አንድ ትልቅ ድርጅት ለአምስት መቶ ሠራተኛ አምስት መቶ ሙሉ ኮምፒውተር ከመግዛት ይልቅ ሥራውን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ባለ ኃይለኛ ሰርቨር፣ ማለትም ሌሎቹን በሚያገለግል ዋና ኮምፒውተር፣ ላይ ያደርገዋል። ሠራተኛው ፊት የሚቀመጠው ሳጥን ሥዕሉን ተቀብሎ ስክሪን ላይ ማሳየትና የተጫኑትን ቁልፎች መልሶ መላክ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ስለዚህ ትልቅ ፕሮሰሰር አያስፈልገውም፤ ፋን የለውም፤ በሃርድ ዲስክ ፈንታ ትንሽ ፍላሽ ይበቃዋል። ጠዋት ተከፍቶ ማታ የሚዘጋ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ተሰክቶ እንዲኖር ነው የተሠራው።

ታዲያ ለምን ይጣላል? ስለተበላሸ አይደለም። ድርጅቱ ሶፍትዌሩን ይቀይራል፣ ወይም የአምራቹ ድጋፍ ያበቃል፣ ያን ጊዜ ዕቃው ደህና ሆኖ ሳለ በመቶዎች ተቆጥሮ ይወጣል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ሲያበቃ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ «አርጅተዋል» ተባሉ። እርጅናው የወረቀት ነው። የኤችፒ ቲ 620ን ውሰዱ፤ አሁን እየዞረ ያለው እሱ ነው። ባለ አራት ኮሩ ጂኤክስ 415 ጂኤ የተባለ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር አለው፣ ፍጥነቱ 1.5 ጊጋኸርዝ፣ ሁለት የሚሞሪ ቦታ፣ አንድ ኤም ዶት ቱ የኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ዲስክ) ቦታ። ለጌም አይሆንም። ለአንድ ቤት ፋየርዎል (በኢንተርኔቱና በቤቱ መሐል ቆሞ የሚገባ የሚወጣውን የሚቆጣጠር) እና ሰርቨር ግን ከበቂ በላይ ነው።

እዚህ ላይ ዛሬ የመጣሁበትን ነገር ልናገር። ስለ ቤት ሰርቨር ስንጠያየቅ ሁላችንም የምናነሳው ፍጥነትን ነው፤ ስንት ኮር አለው፣ ስንት ራም (ጊዜያዊ ሚሞሪ) አለው። እዚህ እኛ ጋ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ወረደ ከተባለ ብርሃን ነው፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ያንን አይተው እዚህ ከተሙ ይባላል። ብርሃኑ ከዚያ በኋላ ይመጣል ይሄዳል። (ሳቅ)

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሦስት ዓይነት ኮምፒውተር አለ። አንደኛው ቁልፉን ሰው እስኪጫንለት ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንተ ሥራ ላይ ነህ፣ ቤት ያለችው እናትህ ናት፣ ስለዚህ እስክትመለስ ኢንተርኔት የለም። ሁለተኛው ይነሳል፣ ነገር ግን ዲስኩ በድንገት መዘጋቱ ጎድቶት «ኤፍ 1ን ተጫኑ» ብሎ ይቆማል። ሞኒተርም ኪቦርድም ስላልተሰካለት ለማን እንደሚናገር አላውቅም። ሦስተኛው ምንም እንዳልተፈጠረ ተነስቶ ሥራውን ይቀጥላል። ያገለገለ ቲን ክላየንት ትንሽ ከተሠራበት ሦስተኛው ይሆናል፤ የምላችሁም ይህንኑ «ትንሽ ሥራ» ነው።

መጀመሪያ ባዮስ ግቡ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሁሉ በፊት የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም ነው። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ምን ላድርግ ብሎ የሚጠይቅ ቦታ አለ፤ ብዙ ጊዜ «ጠፍቶ ይቆይ»፣ «ይነሳ»፣ «ወደነበረበት ይመለስ» የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ይሰጣል። «ይነሳ» በሉት። ባዮሱ በምስጢር ቃል ከተቆለፈ መጀመሪያ ሻጩን ጠይቁ፤ ሳይፈታ አትግዙ። ቀጥሎ ኪቦርድ አለመኖሩን እንደ ስህተት እንዳይቆጥር አድርጉት። ከዚያ ሲስተሙ ሎግ፣ ማለትም የውሎ መዝገቡን፣ የሚጽፍበትን ወደ ራም አዙሩት። ፍላሽ ስንት ጊዜ ሊጻፍበት እንደሚችል ልክ አለው፤ ትንንሾቹ የ8 ጊጋ ፍላሾች ላይ በየሰከንዱ የሚጻፍ ሎግ ዕድሜያቸውን ይበላዋል፣ መብራት የሄደው በመጻፍ ላይ እያለ ከሆነ ደግሞ ፋይሉን ያበላሸዋል።

አሁን የምነግራችሁ ግን ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝን ነው። ደብረ ሲና ላንድ ወዳጄ ሱቅ አንዱን ፋየርዎል አድርጌ ተክዬለት ነበር፤ ወር ሙሉ ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ከረመና ሲመጣ ስልክ ደወለልኝ፤ «ሳጥኑ በርቷል፣ ዋይፋዩ አለ፣ ግን ምንም አይከፍትም»። በስልክ ሞከርኩ፣ አልሆነም። ጋቢዬን ደርቤ በጉም ውስጥ ጣርማበርን ወረድኩ። ሳጥኑን ስከፍተው ሰዓቱ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ሄዷል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የተባለችው የሳንቲም ባትሪ ሞታለች።

ሰዓት ቢሳሳት ምን አለበት ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። የዌብሳይት ማረጋገጫ ሁሉ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ቀን አለው፤ የስም መፍቻው፣ ዲኤንኤስ የምንለውና የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው፣ በፊርማ እንዲያረጋግጥ ከተደረገ ፊርማውም ቀን አለው። ሳጥኑ ዓመታት ወደ ኋላ ሆኖ ሲያየው ሁሉም «ገና ያልደረሰ» ነው፤ ስለዚህ አይቀበልም። ሰዓቱን ለማስተካከል ደግሞ ከኢንተርኔት የሰዓት ሰርቨር መጠየቅ አለበት፤ የሰዓት ሰርቨሩን አድራሻ ለማወቅ ዲኤንኤስ ያስፈልገዋል፤ ዲኤንኤሱ ሰዓቱ ካልተስተካከለ አይመልስም። ዶሮዋ ወይስ እንቁላሉ። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ ዕቃውን በገዛችሁበት ቀን ባትሪዋን ቀይሩ፣ የሰዓት ሰርቨሩንም በስም ሳይሆን በቁጥር አድራሻው አስገቡለት። ለትንሿ ባትሪ ብዬ የወረድኩትን ቁልቁለት መልሼ የወጣሁት ሚኒባስ ሞልቶ ስለነበር በጭነት መኪና ነው፤ ይህን የምነግራችሁ እናንተ እንዳትደግሙት ነው።

ወደ ጉልበቱ እንምጣ። ቲ 620 ሥራ ሲፈታ በእኔ መለኪያ ከ6 እስከ 10 ዋት ይወስዳል። ዴል ዋይዝ 3040 የሚባለው፣ የእጅ መዳፍ የሚያክለው፣ ከ5 ዋት በታች ነው። ቤታችሁ ጥግ ያለ አሮጌ ባለ ሳጥን ዴስክቶፕ ሥራ ፈቶም 80 ዋት ሊወስድ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ወሩን ሙሉ ሲሠራ፣ 80 ሲባዛ በ24፣ ሲባዛ በ30፣ 57.6 ኪሎዋት ሰዓት። የመብራት ታሪፉ በእርከን እንደሆነና የመጀመሪያው እርከን በ50 እንደሚያበቃ ታውቃላችሁ፤ ኮምፒውተሩ ብቻውን፣ ምጣዱ ሳይሰካ፣ ከመጀመሪያው እርከን አወጣችሁ ማለት ነው። ባለ 8 ዋቱ 5.76 ብቻ ነው። በክፍያው አይደለም ዋናው ግን፤ በባትሪው ነው። ገበያ ላይ ያለው ትንሹ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ፣ በአብዛኛው የሚይዘው አንድ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ነው፤ 84 ዋት ሰዓት። ሊድ አሲድ ስለሆነ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ቁጠሩ። በ80 ዋት ግማሽ ሰዓት እንኳ ጠባብ ነው። በ8 ዋት ግን... አይ፣ እዚህ ላይ ሰው ራሱን ያታልላል። ሞደሙም ዋይፋዩም ይበላሉ። ሦስቱን ስትደምሩ 20 ዋት አካባቢ ይሆናል፣ ዩፒኤሱም ራሱ የሚበላው አለ። አንድ ሰዓት ተኩል ካገኛችሁ አመስግኑ።

ስለ አዳፕተር አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ዋይዝ 3040 በ5 ቮልት የሚሠራም በ12 ቮልት የሚሠራም አለ፤ ከታች የተለጠፈውን ሳታነቡ የተገኘውን አዳፕተር አትሰኩ። አንዱን ያቃጠልኩት እኔው ነኝ። ባለ 12 ቮልቱን ካገኛችሁ ከባትሪ ቀጥታ መመገብ ስለሚቻል በጣም ጥሩ ነው። ኤችፒው 19.5 ቮልት ነው የሚፈልገው።

አሁን ሳጥኑ የት ደረሰ? እሺ፣ እዚያ ጋ ነው። ላዩ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ልብ በሉ። ፋን የሌለው ዕቃ ሙቀቱን የሚያወጣው በአየር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,840 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየራችን ባሕር ዳርቻ ካለው ሩቡን ያህል ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ሙቀትን የመሸከም አቅሙም ያንሳል። ግን ብርዳችን ይክሰናል፤ በኅዳር ሌሊት ማን ሙቀት ያስባል። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ግን ወደ 1,280 ሜትር ናችሁ፣ ግንቦት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሳጥኑን በጎኑ አቁሙት እንጂ አታስተኙት። የሸዋ ሮቢት ፀሐይና የደብረ ብርሃን ውርጭ ግን እናቴ ካደረገችው አይብሱም። እማዬ ቤቷ ውስጥ ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ አትወድም። ቴሌቪዥኑ፣ ራዲዮው፣ ፍሪጁ ሁሉ ዳንቴል አላቸው። ሰርቨሩን ሳሎን ባስቀመጥኩ በሳምንቱ አጣጥፋ ዳንቴል አለበሰችው፤ በላዩ ላይ ደግሞ የአበባ ማስቀመጫ። ሲነካ ያቃጥል ነበር። አሁን ስምምነት ላይ ደርሰናል፤ ዳንቴሉ ሥሩ ይነጠፋል።

ስለ ፋየርዎል ልናገር። ፋየርዎል ሲባል ሰው ሌባ የሚከለክል ዘበኛ ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር አሁን ያላችሁ ሞደም ከውጭ ያልተጠራ እንዳይገባ በመጠኑም ቢሆን ይከለክላል። የእኔ ፋየርዎል ከሁሉ በላይ የሚጠቅመኝ ወረፋ በማስከበር ነው።

ወፍጮ ቤት ታውቃላችሁ። አንድ ሰውዬ ሁለት ኩንታል ጭኖ መጣና ተሰለፈ። ከኋላው አንዲት ልጅ አንድ ቁና ሽሮ ይዛ ቆማለች። ወፍጮው ሁለቱን ኩንታል እስኪጨርስ ልጅቷ ትጠብቃለች። የወፍጮው ፍጥነት ችግር የለበትም፤ ችግሩ ሰልፉ ነው። ኢንተርኔታችሁም እንዲሁ ነው። ልጁ ቪዲዮ ሲጭን ሁለት ኩንታል ነው፤ እትዬ ከዱባይ ልጃቸው ጋር በስልክ ሲነጋገሩ የእሳቸው ድምፅ ቁና ናት። ሞደሙ ደግሞ ትልቅ ማከማቻ ስላለው ሁሉንም ተቀብሎ ያሰልፋል። የፍጥነት መለኪያው ጥሩ ያሳያል፣ ጥሪው ግን ይቆራረጣል። «ኔትወርኩ ደካማ ነው» እንላለን፤ ብዙ ጊዜ ሰልፉ ነው ደካማ የሆነው።

ለዚህ መፍትሔ የሆኑ ስልቶች አሉ። ኮዴል የተባለውን ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጄከብሰን እ.ኤ.አ. በ2012 አወጡት፤ ከእሱ የተወለዱት ኤፍኪው ኮዴልና ኬክ ይባላሉ። ወፍጮ ቤቱ አስተዋይ አሠሪ አገኘ በሉት፤ ከሰውዬው ጥቂት ይፈጭና የልጅቷን ቁና ያስገባል፣ ተመልሶ ወደ ኩንታሉ ይሄዳል። ሰውዬው ያጣው ጥቂት ነው፣ ልጅቷ ግን ቤቷ ገባች። አንድ ብልሃት ብቻ አለው፤ ሰልፉ በእናንተ ሳጥን ውስጥ መሆን አለበት እንጂ በሞደሙ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ለሳጥኑ የምትነግሩት ፍጥነት ከትክክለኛው መስመራችሁ ጥቂት ያነሰ ይሁን፣ ከመቶ 85 እስከ 95። መስመራችሁ 10 ሜጋቢት ከሆነ 9 በሉት። «ከከፈልኩበት ለምን አንድ እጥላለሁ» ያለኝ ደንበኛ ነበረኝ። ሞክረው፣ ካልወደድከው እመልስልሃለሁ አልኩት። እስካሁን አልመለሰም።

በምን ሶፍትዌር ብትሉኝ፣ ለትንንሾቹ ኦፕን ደብሊው አር ቲ እላለሁ። ለራውተር ተብሎ የተሠራ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ነጻ ሲስተም) ነው፤ በ128 ሜጋባይት ራም የሚሠራ ስለሆነ 2 ጊጋ ያለው ዋይዝ ለእሱ ቤተ መንግሥት ነው። ከፍ ያለውን ለሚፈልግ ኦፒኤንሴንስና ፒኤፍሴንስ አሉ። ሁለቱም ኤም ዜሮ ኤን ዜሮ ዎል ከተባለው የስዊዘርላንዳዊው ማኑኤል ካስፐር ሥራ የመጡ ናቸው፤ ፒኤፍሴንስ እ.ኤ.አ. በ2004 ከእሱ ተገነጠለ፣ ኦፒኤንሴንስ ደግሞ በ2015 ከፒኤፍሴንስ። እነዚህ የቆሙት ፍሪቢኤስዲ በተባለ ሌላ ሲስተም ላይ ስለሆነ ከሪልቴክ የኔትወርክ ካርድ ጋር አንዳንዴ አይስማሙም፤ የቲ 620 ካርድ ደግሞ ሪልቴክ ነው። ሊኑክስ ላይ ይህ ጣጣ አይገጥማችሁም። ሌላው መጠንቀቅ ያለባችሁ 32 ቢት ብቻ የሆኑትን አሮጌዎች ነው። ፒኤፍሴንስ 32 ቢትን ከተወ ቆይቷል፣ ኦፒኤንሴንስም እ.ኤ.አ. በ2020 ተወው፣ ዴቢያን የተባለው ሊኑክስም እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው 13ኛው እትሙ 32 ቢት ኮምፒውተር ላይ መጫን አቁሟል። በርካሽ ቢሰጧችሁ እንኳ ይቅርባችሁ።

ከኋላ እጅ የወጣ አለ? እሺ፣ ጠይቂ።

«ሳጥኑን አየሁት፤ የኔትወርክ ቀዳዳው አንድ ነው። ፋየርዎል ደግሞ መግቢያና መውጫ ይፈልጋል አይደል?»

ጥሩ ዓይን አለሽ፤ የዚህ ሥራ ትልቁ ጉድለት እሱ ነው። ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ አስማሚ ነው፤ ይሠራል፣ ነገር ግን ርካሹ ይሞቅና በሌሊት ይጠፋል፤ ለቤት እንጂ ለቢሮ አልመክረውም። ሁለተኛው ቪላን የሚያውቅ ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎችን የሚያገናኝ ሳጥን) ነው፤ አንድ ኬብል ላይ ሁለት መስመር ምልክት ተደርጎባቸው ይሄዳሉ፣ ስዊቹ ይለያቸዋል። ለ10 እና ለ20 ሜጋቢት መስመር ከበቂ በላይ ነው፤ እኔ ቤቴ ያለው እንዲህ ነው። ሦስተኛው ከመጀመሪያው የካርድ ቦታ ያለውን መግዛት ነው፤ ቲ 620 ፕላስ፣ የፉጂትሱ ፉትሮ ኤስ 920፣ ወይም ዋይዝ 5070 ሰፊው። እነሱ ላይ ያገለገለ የኢንቴል ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት ቀዳዳ ካርድ ይገባል። ኢንቴል ተብሎ የሚሸጥ ኢንቴል ያልሆነ ካርድም ስላለ ዋጋው ከአእምሮ በላይ ከወረደ ተጠራጠሩ።

አንድ ሌላ ስህተት እግረ መንገዴን። ቲን ክላየንት በአብዛኛው ዋይፋይ የለውም፤ ቢኖረውም ለማሰራጨት አይሆንም። ያላችሁን አሮጌ ዋይፋይ ራውተር አትጣሉት፤ ለየስልኩና ለየኮምፒውተሩ የኔትወርክ አድራሻ ማደሉን አጥፉበትና ዋይፋይ ማሰራጫ ብቻ አድርጉት። ካላጠፋችሁት ሁለት አድራሻ አዳይ ቤት ውስጥ ይኖራል፣ አንዱ ስልክ ይሠራል አንዱ አይሠራም፣ ማንም ምክንያቱን አያገኘውም። ሁለት አለቃ ያለበት ቤት ታውቃላችሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሰርቨሩ ነው፤ መምህራን የምትፈልጉት ይሄን ይመስለኛል። እኛ በፕላዝማ የተማርን ሰዎች ነን። ትምህርቱ ከሳተላይት ይመጣል፣ ስርጭቱ ሲጠፋ መምህሩም ተማሪውም ጥቁር ስክሪን እያዩ ይቀመጣሉ። ከዚያ በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ከዚያም ዳታ የተቋረጠባቸው ወራት መጡ፤ እነሱን እዚህ አልዘረዝርም፣ ሁላችንም ነበርን። የሁሉም ችግር አንድ ነው፤ ዕውቀቱ የተቀመጠው ሩቅ ሆኖ መስመሩ ሲቆረጥ አብሮ መቆረጡ።

ኪዊክስ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ። ዊኪፒዲያን ሙሉ በሙሉ አንድ ፋይል አድርጎ ያወርደዋል፤ እንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ወደ 100 ጊጋባይት ነው። የአማርኛው ትንሽ ነው፤ ያሳዝናል፣ ግን የእኛው ጥፋት ስለሆነ ማንንም አልወቅስም። አንዴ አዲስ አበባ ጥሩ መስመር ያለው ቦታ ተቀምጣችሁ ታወርዱታላችሁ፣ በኤስኤስዲ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ ቲን ክላየንቱ ውስጥ ትከቱታላችሁ። ኮሊብሪ የሚባል ሌላ አለ፤ የካን አካዳሚን ትምህርቶች ከነጥያቄዎቹ ያለ ኢንተርኔት ያቀርባል፣ ተማሪው የት እንደደረሰም ለመምህሩ ያሳያል። ተማሪው በስልኩ ዋይፋዩን ይይዝና ይከፍታል። ካርድ አይፈጅበትም። በዚያው ሳጥን ላይ ሳምባ በተባለ ሶፍትዌር የጋራ ፋይል ማስቀመጫ ታደርጋላችሁ፤ የፈተና ወረቀት በፍላሽ ተሸክሞ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ቫይረስ ማመላለስ ያበቃል። ለዚህ ሁሉ ዴቢያን ያለ ግራፊክ ገጹ፣ 4 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ይበቃል። ፎቶና ሰነድ ግን እሱ ላይ ብቻ አታስቀምጡ። ያገለገለ ዕቃ ነው፤ አንድ ቀን ሳይሰናበት ይሄዳል።

የማይሠራውንም ልንገራችሁ። አንቲቫይረስ አይደለም። ልጁ ያወረደው የተሰረቀ ጌም ውስጥ ያለውን አያይም፤ ዛሬ አብዛኛው ነገር ተመስጥሮ ስለሚሄድ በመሐል ያለ ሳጥን ውስጡን ማንበብ አይችልም። ማስታወቂያን ግን በስም መፍቻው ላይ መከልከል ይቻላል፣ ፓይሆል ይባላል፤ ጥቂት ጥቅልም ያተርፋል። ርካሹን የደኅንነት ካሜራ ለብቻው መስመር ላይ አድርጎ ወደ ውጭ እንዳያወራ መከልከልም ይቻላል፤ ይህን ብቻ ብታደርጉበት እንኳ ዋጋውን መልሷል። ዕቃውን ስትገዙ ደግሞ የቀድሞው መሥሪያ ቤት መረጃ ውስጡ ካለ አትጎርጉሩት፤ ፍላሹን አጥፍታችሁ ከአዲስ ጫኑ።

አንድ ጥያቄ በወረቀት ደርሶኛል፤ ከመሐል ሜዳ የመጡ መምህር ናቸው። «ትምህርት ቤታችን በሶላር ነው፤ ይሆናል ወይ?» ይላሉ። ይሆናል የኔታ። 10 ዋት በ24 ሰዓት 240 ዋት ሰዓት ነው፤ ዋይፋይ ማሰራጫውን ሲጨምሩ 350 በሉት። ባለ 100 ዋት ፓኔል ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን ከዚህ ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ የመንዝ ክረምት ደግሞ ጥሩ ፀሐይ አያውቅም። ስለዚህ ሌሊት አያሠሩት። ባዮሱ ውስጥ በሰዓት የሚነሳበት አለ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይነሳ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ራሱ ይዘጋ። ያን ጊዜ ወጪው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ባዮሱ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያውቀው፣ ስምንት ብለው ያስገቡ፤ ሁለት ካሉት ሌሊት ይነሳል። (ሳቅ)

አሁን ቃል የገባሁትን ላሳያችሁ። ከዚህ ጠረጴዛ ሥር ያለው ሳጥን፣ ሞደሙና ዋይፋዩ ሦስቱም በዚህ ዲቫይደር ላይ ናቸው፤ ዩፒኤስ የለውም። ግማሾቻችሁ በስልካችሁ ኪዊክሱን ከፍታችኋል። ዲቫይደሩን እነቅለዋለሁ። ነቀልኩት። መልሼ ሰካሁት። ቁልፍ አልነካሁም፤ ቁጠሩልኝ።

(ቁጥሩ አርባ ሁለት ላይ ሲደርስ በኬብል የተሰካው ላፕቶፕ ገጹን ከፈተ። ስልኮቹ ግን ገና አልተመለሱም ነበር።)

አያችሁ፣ ሰርቨሩ ተነስቷል። አሁን ዋይፋዩን እየጠበቀው ነው፤ እሱን አዲስ ነው የገዛሁት።